አብራሪ የሌለው የአየር ቅየሳና የአደጋው ታሪክ

መሬትን በሚገባ ለመለካት ከመሬት መነሣት እንደሚጠቅም ከታወቀ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመታት በላይ ሆኗል። ከመሬት የተነሣ ነገር ሁሉ ደግሞ የመውደቅ ዕድል አለው። ስለሆነም የአየር ቅየሳ ታሪክ በአንድ ወገን የካሜራና የካርታ ታሪክ ሲሆን፣ በሌላ ወገን የመውደቅና ከመውደቅ የመዳን ታሪክ ነው። ሰው አልባ አውሮፕላን ወይም በተለመደው አጠራር ድሮን ወደ ሙያው በገባ ጊዜ፣ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ያበቃ የመሰላቸው ጥቂቶች አልነበሩም። በአየር ላይ ሰው ከሌለ ወድቆ የሚሞት ሰው የለም የሚል ነበር አስተሳሰቡ።

የአደጋ መርማሪዎች መዝገብ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። አደጋው አልጠፋም፤ የሚሸከመው ሰው ተለወጠ እንጂ። ቀድሞ አብራሪውና ቀያሹ በገዛ ሕይወታቸው ይወራረዱበት የነበረው አደጋ፣ ዛሬ ስለ በረራው ምንም ሳይነገረው በጓሮው ለተቀመጠው ሰውና በሌላ አውሮፕላን ለሚጓዘው መንገደኛ ተላልፏል። የሚከተለው ሐተታ ይህ መተላለፍ እንዴት እንደተፈጸመና ለባለሙያው ምን ግዴታ እንዳመጣ ይመለከታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ከፊኛ እስከ ካይት

በ1858 ናዳር በሚል ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ በፓሪስ አጠገብ በፊኛ ወጥቶ፣ በታሪክ የመጀመሪያ ነው የሚባለውን የአየር ፎቶግራፍ አነሣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት ወር 1863፣ «ሌ ዤያን» የተባለው ግዙፍ ፊኛው በጀርመን ሐኖቨር አካባቢ ሲወርድ ነፋስ በምድር ላይ ስለጎተተው ናዳርና ባለቤቱ ክፉኛ ተጎድተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው የአየር ፎቶግራፍ አንሺ፣ ከአየር ላይ ጉዞ ጉዳት ከደረሰባቸው ቀደምት ሰዎችም አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

ካሜራው እንዲወጣ፣ ሰውየው ግን በመሬት እንዲቀር የማድረጉ ሐሳብ ከአውሮፕላን ይቀድማል። በ1888 አርቱር ባቱ የተባለ ፈረንሳዊ በገመድ ተይዞ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት ላይ ትንሽ ካሜራ አስሮ፣ ቀስ ብሎ በሚነድ ክር አማካይነት መዝጊያው ራሱን እንዲከፍት አደረገ። ይህም አብራሪ ከሌለው የአየር ፎቶግራፍ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከደኅንነት ጋር ያለውን ግንኙነት በግልጽ የሚያሳየው የአሜሪካዊው የጆርጅ ሎውረንስ ታሪክ ነው። ሎውረንስ በ1901 በሺካጎ ከተማ ፎቶግራፍ ለማንሣት በፊኛ ወጥቶ ሳለ፣ የተቀመጠበት ቅርጫት ከፊኛው ተገንጥሎ ከ60 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደቀ። ሕይወቱን ያተረፉት በመንገዱ ያገኛቸው የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሎውረንስ ሰው የማይወጣበትን ዘዴ መረጠ። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት በወደመች በሳምንታት ጊዜ ውስጥ፣ 22 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ካሜራ በ17 ካይቶች አንጠልጥሎ ወደ 600 ሜትር ከፍታ በማውጣት የፈረሰችውን ከተማ ሙሉ ገጽታ አነሣ። የወደቀው ሰው ከመሬት ሆኖ መሥራትን ተማረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ያ 22 ኪሎ ግራም ካሜራ ገመዱ ቢበጠስ በማን ላይ ይወድቅ ነበር? የዚያን ጊዜ ይህን የጠየቀ ስለመኖሩ የተመዘገበ ነገር የለም። ጥያቄው የተነሣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

2. የቅየሳ አውሮፕላን ያስከፈለው ዋጋ

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወዲህ የአየር ቅየሳ በአውሮፕላን ላይ ተመሠረተ። የኢትዮጵያም ካርታ በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በአሜሪካ የጋራ የካርታ ሥራ ሲዘጋጅ፣ የአየር ፎቶግራፍ የሚያነሡ አውሮፕላኖችና ቀያሾችን ወደ ተራራ ጫፍ የሚያደርሱ ሄሊኮፕተሮች ተሰማርተው ነበር።

የቅየሳ በረራ ከመንገደኛ በረራ የሚለየው በአደገኛነቱ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ከመሬት ለመራቅ ሲጥር፣ የቅየሳ አውሮፕላን ግን ሥራው ያለው መሬት አጠገብ ነው። በተለይም የማዕድን ፍለጋ በረራ ብዙውን ጊዜ ከመሬት ከ100 ሜትር ባነሰ ከፍታ፣ ቀጥ ያለ መሥመር ተከትሎ፣ የተራራውን መውጫና መውረጃ እየተከተለ ይካሄዳል። ሞተር ቢጠፋ ማረፊያ ለመምረጥ ያለው ጊዜ የጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። የዚህ ሥራ ኩባንያዎች በ1995 የራሳቸውን ዓለም አቀፍ የደኅንነት ማኅበር ለማቋቋም የተገደዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

በአሜሪካ የዱር አራዊት ሠራተኞች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ሁኔታውን በቁጥር ያሳያል። ከ1937 እስከ 2000 በሥራ ላይ ከሞቱት 91 ሠራተኞች መካከል 60ዎቹ የሞቱት በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር አደጋ ነበር። የዱር እንስሳ ሊቆጥሩ የወጡ ሰዎችን የገደለው አውሬ ሳይሆን ዝቅ ብሎ መብረር ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ አብራሪውን ከአውሮፕላኑ የማውረድ ፍላጎት ከዚህ የመነጨ ስለሆነ፣ በመሠረቱ የሚደገፍና የሚመሰገን ነው። ድሮን የብዙ ቀያሾችን ሕይወት እንደሚያተርፍ አያጠራጥርም። የሚያጠያይቀው የተረፈው አደጋ የት እንደደረሰ ነው።

3. አብራሪው ሲወርድ

በ1979 ሁለት የጀርመን የፎቶግራሜትሪ ባለሙያዎች ሦስት ሜትር ርዝመት ባለው፣ በራዲዮ በሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ላይ ካሜራ ጭነው የጥንታዊ ቅርስ ሥፍራ ለማንሣት ሞከሩ። የሞተሩ ንዝረት ምስሉን ስላበላሸባቸው በተከታዩ ዓመት ወደ ሞዴል ሄሊኮፕተር ዞሩ። በጃፓንም የያማሃ ኩባንያ በ1987 ለእርሻ መድኃኒት መርጫ የሚሆን ሰው አልባ ሄሊኮፕተር አቀረበ፤ ተከታዩ ዓይነትም በ2000 ሰው ሊጠጋው የማይችለውን የዩሱ እሳተ ገሞራ ከቅርብ ለመመልከት አገልግሏል። በ1998 ደግሞ 13 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ኤሮሶንድ የተባለ ትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ከካናዳ ተነሥቶ በ26 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አትላንቲክ ውቅያኖስን በማቋረጥ ስኮትላንድ ደረሰ።

ወደ ንግድ ሥራ የተደረገው ሽግግር ፈጣን ነበር። በሰኔ 2014 የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር የአላስካው ፕሩዶ ቤይ የነዳጅ መስክ መንገዶችና ቧንቧዎች በድሮን እንዲቀየሱ ፈቀደ፤ በየብስ ላይ ለሚደረግ የንግድ በረራ በዚያ አገር የተሰጠ የመጀመሪያ ፈቃድ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ልዩ ፈቃድ ካገኙት ጥቂት ኩባንያዎች መካከል የቅየሳና የካርታ ድርጅቶች ይገኙበታል። ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ደግሞ ጠቅላላ ደንብ ወጥቶ፣ ከ25 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ድሮን ከ120 ሜትር ገደማ ሳያልፍና ከአብራሪው ዓይን ሳይሰወር ለንግድ ሥራ እንዲበር ተፈቀደ። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ የከፍታ ወሰን ያለውን የጋራ ደንቡን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ።

የነዚህ ደንቦች ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው፤ ድሮኑ ዝቅ ብሎ፣ ከሰው ርቆ፣ በዓይን እየታየ ይብረር የሚል ነው። ቀጥሎ የሚገለጹት አደጋዎች ከነዚህ ሦስት አጥሮች አንዱ ሲፈርስ የሚሆነውን ያሳያሉ። ሁሉም በቅየሳ ሥራ ላይ የደረሱ አይደሉም፤ ነገር ግን መሣሪያውም የአሠራሩም ዘዴ ቀያሹ ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ትምህርታቸው ለቀያሹ ነው።

4. አደጋዎቹ

በግንቦት 2012 በደቡብ ኮሪያ ኢንቾን አካባቢ፣ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ግራም በላይ የሆነ በኦስትሪያ የተሠራ ሰው አልባ ሄሊኮፕተር በሙከራ በረራ ላይ ሳለ፣ የሳተላይት አቅጣጫ ምልክት ተቋርጦበት ራሱን ይመሩት በነበሩት ሰዎች መኪና ላይ ወደቀ። የአምራቹ ኩባንያ መሐንዲስ ሲሞት ሁለት ባልደረቦቹ ቆሰሉ። አብራሪው ከአውሮፕላኑ ስለወረደ ብቻ ከአደጋው ክልል ወጥቷል ማለት እንዳልሆነ ይህ አደጋ አሳይቷል።

በመስከረም 2016 በአውስትራሊያ ባሊና በተባለው ባሕር ዳርቻ ሻርክ ለመቃኘት የተነሣ፣ 25 ኪሎ ግራም የሚደርስ ሄሊኮፕተር ድሮን የራዲዮ ግንኙነቱ ተቋረጠ። እንዲህ ያለ ድሮን ግንኙነት ሲያጣ ቀድሞ ወደተመዘገበለት የመመለሻ ነጥብ እንዲመጣ ይደረጋል። የተመዘገበው ነጥብ ግን በስሕተት 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ በኮራል ባሕር ውስጥ የሚገኝ ሥፍራ ነበር። ድሮኑ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ወደዚያው አቅጣጫ ሄደ፤ ሳይገኝም ቀረ። ለቀያሽ ይህ እንግዳ ስሕተት አይደለም። የኮኦርዲናት ስሕተት የሙያው የዕለት ተዕለት ጠላት ነው፤ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሲሆን የሚታረም፣ በአየር ላይ ሲሆን ግን የሚበር መሆኑ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለቅየሳ ሙያ ቅርብ የሆነው በታኅሣሥ 2019 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ዎልስኤንድ በተባለ ሥፍራ የደረሰው ነው። ስድስት ሞተር ያለውና ከነጭነቱ እስከ 15 ኪሎ ግራም የሚደርስ ዓይነት ድሮን፣ አንድ የግንባታ ሥፍራ ለመቀየስ አስቀድሞ በተሰጠው መሥመር በራሱ እየበረረ ነበር። በመካከሉ የጂ.ፒ.ኤስ. እና የኮምፓስ መዛባት ስለደረሰበት አውቶማቲኩ ሥራውን ለቅቆ በእጅ ወደሚመራበት ሁኔታ ተመለሰ። በእጅ የመራው ግን አልነበረም። ድሮኑ ነፋስ እየወሰደው ሄዶ የአንድ መኖሪያ ቤት ጣሪያ መትቶ ጓሮ ውስጥ ወደቀ። የተጎዳ ሰው ባይኖርም ያንን ያደረገው ዕድል እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች በዚህ ጉዳይ ትኩረታቸውን ያሳረፉት ከማሽኑ ጉድለት ይልቅ በእጅ የመምራት ችሎታ ላይ ነው። የቅየሳ ድሮን አብራሪ አብዛኛውን የሥራ ጊዜውን የሚያሳልፈው አውቶማቲኩን በመመልከት ነው። ማስነሣቱም፣ መሥመር መከተሉም፣ ማሳረፉም በማሽኑ ይከናወናል። እንግዲህ እጁ የሚፈለግባት ደቂቃ የምትመጣው ነገር ሁሉ በተበላሸበት ሰዓት ሲሆን፣ እጁ ደግሞ ለወራት ሥራ ፈትቶ ቆይቷል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ምክር ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ እዚህ ላይ ግን መማር ብቻ ሳይሆን የተማሩትን አለመርሳትም ይጨመርበታል።

ከነዚህ ሌላ የኃይል ምንጩ ራሱ ያስከተለው ችግር አለ። በ2018 መገባደጃ የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ፖሊሶችና የመሠረተ ልማት ተቆጣጣሪዎች ይጠቀሙበት የነበረው የማትሪስ 200 ዓይነት ድሮን በአየር ላይ ሳለ ኃይሉ በድንገት እየተቋረጠ ስለወደቀ፣ በሰው በላይ እንዳይበር አሳሰበ። ባለ አራት ሞተር ድሮን ክንፍ የለውም፤ ሞተሩ ሲቆም እንደ አውሮፕላን አይንሳፈፍም፣ እንደ ሄሊኮፕተርም በነፋስ እየተሽከረከረ አይወርድም፤ እንደ ድንጋይ ይወርዳል።

ተፈጥሮም ድርሻ አላት። በምዕራብ አውስትራሊያ ሴንት አይቭስ የወርቅ ማዕድን የቅየሳ ሠራተኞች ዘጠኝ ድሮኖችን በንስሮች ጥቃት ማጣታቸው በ2016 ተዘግቧል። ንስሩ ክንፍ ዘርግቶ በክልሉ የሚዞረውን ባዕድ እንደ ተቀናቃኝ ይቆጥረዋልና።

በመጨረሻም ከሌላ አውሮፕላን ጋር የሚደረግ ግጭት አለ። በመስከረም 2017 በኒው ዮርክ አንድ ትንሽ ድሮን ከጦር ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። የድሮኑ ባለቤት አራት ኪሎ ሜትር ርቆ በመሣሪያው መስኮት ብቻ ይመለከት ስለነበር፣ ግጭት መድረሱን ያወቀው መርማሪዎች ሲያገኙት ነው። በተከታዩ ወር በካናዳ ኬቤክ ከተማ ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኛ አውሮፕላን በ450 ሜትር ከፍታ ላይ ድሮን መታው፤ በሰላም አርፏል። እነዚህ ደንብ የጣሱ በረራዎች ናቸው ቢባል እንኳ፣ በነሐሴ 2021 በቶሮንቶ አጠገብ በበተንቪል አውሮፕላን ጣቢያ የተፈጸመው ግን የባለሙያ ሥራ ነበር። በፖሊስ ሥራ ላይ የነበረ ድሮን ለማረፍ ከሚመጣ የሥልጠና አውሮፕላን ጋር ተጋጨ፤ ድሮኑ እንዳለ አስተማሪውም ተማሪውም አላዩም።

5. የመውደቅ ስሌት

የአደጋውን መጠን ለመረዳት ተራ የፊዚክስ ስሌት ይበቃል። ስድስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ድሮን ከ120 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ፣ የአየር ግጭት ካልቀነሰው መሬት የሚደርሰው በሰከንድ 48 ሜትር ወይም በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ ጉልበቱም ከ7,000 ጁል ይበልጣል። የአውሮፓ ደንብ ለሰው አቅራቢያ ለሚበር አንድ ቀላል ምድብ ከወሰነው የ80 ጁል የግጭት ጉልበት ጋር ሲነጻጸር ወደ 90 እጥፍ ይጠጋል። አየር ግማሹን እንኳ ቢቀንሰው የራስ ቅል የሚቋቋመው ነገር አይደለም።

ከአውሮፕላን ጋር ለሚደረግ ግጭትም ድሮንን ከወፍ ጋር ማመሳሰል ስሕተት መሆኑ ተረጋግጧል። በ2017 ለአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር በዩኒቨርሲቲዎች የተደረገ ጥናት፣ እኩል ክብደት ካለው ወፍ ይልቅ ድሮን የከፋ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳይቷል። ወፍ በአብዛኛው ሥጋና ውኃ ስለሆነ ሲጋጭ ይበተናል፤ የድሮን ሞተር፣ ባትሪና ካሜራ ግን ጠጣር ብረት ስለሆኑ ዘልቀው ይገባሉ።

6. የደጋ አገር ልዩ ሁኔታ

በኢትዮጵያ የድሮን ቅየሳ ለመንገድ፣ ለመስኖ፣ ለካባና ለከተማ ፕላን ሥራ እየተለመደ ሲሆን፣ መሣሪያውን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ግን የበረራውን ፊዚክስ አይለውጠውም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንኑ ክብደት ተሸክሞ በአየር ላይ ለመቆም የድሮኑ ሞተሮች 12 በመቶ ያህል ፈጥነው መዞር አለባቸው፤ የሚፈጁት ኃይልም በዚያው መጠን ያድጋል። በአምራቹ መጽሐፍ ሠላሳ ደቂቃ የተባለው የባትሪ ዕድሜ ወደ ሃያ ሰባት ይወርዳል፤ ነፋስ ሲመጣ ለመከላከል የሚተርፈው ጉልበትም ያንሳል። ክንፍ ያለው ድሮን ደግሞ ያንኑ ያህል ፈጥኖ ማረፍ ስላለበት፣ መሬት ሲነካ የሚኖረው ጉልበት በሩብ ያህል ይጨምራል።

የመሬቱ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የዓባይ ሸለቆ ከጎሐ ጽዮንና ከደጀን ወደ ታች ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ብዙ ድሮኖች የመመለሻ ከፍታቸውን የሚቆጥሩት ከተነሡበት ነጥብ ነው። ከሸለቆው ግርጌ ተነሥቶ በ100 ሜትር እንዲመለስ የታዘዘ ድሮን በመካከሉ ገደል ቢያጋጥመው፣ ባሊና ላይ እንደሆነው ሁሉ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ገደሉን ይመታል። በተራራ ጀርባ ሲያልፍ የራዲዮ ግንኙነቱ እንደሚቋረጥም አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ከታች ያለው ሰው ነው። በገጠር ድሮን ሲነሣ ሕፃናት ከየአቅጣጫው ይሰበሰባሉ፤ ሲያርፍም ለመያዝ ይሮጣሉ። በአንጻሩ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ጦርነት ባየ አካባቢ የድሮን ድምፅ ለመሸሽ ምልክት ሆኗል። የሕዝቡ ሽማግሌዎችና የቀበሌው አስተዳደር ሳያውቁ ድሮን ማንሣት፣ ማንም ላይ ሳይወድቅ እንኳ ጉዳት ነው።

7. ማጠቃለያ

ከናዳር እስከ ዎልስኤንድ ያለውን ታሪክ የሚያያይዘው ክር አንድ ነው። የፊኛና የአውሮፕላን ዘመን አብራሪ ስሕተቱን በራሱ ሥጋ ይከፍል ስለነበር ፍርሃቱ ራሱ ተቆጣጣሪው ነበር። ደመናው ሲከብድበት የሚመልሰው ደንብ ብቻ ሳይሆን ቤቱ የሚጠብቁት ልጆቹም ነበሩ። ከመሬት የሚመራ አብራሪ ግን ይህ ተቆጣጣሪ የለውም። ድሮኑ ሲወድቅ የእርሱ ልብ በፍጥነት ይመታ ይሆናል፤ አጥንቱ ግን አይሰበርም። እንግዲህ ፍርሃት ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ሥርዓት መሥራት አለበት።

ሥርዓቱም ውስብስብ አይደለም። የመመለሻ ነጥቡ በካርታ ላይ ሳይታይ ድሮን አይነሣም። በየወሩ ያለ አውቶማቲክ፣ በእጅ ብቻ የመምራት ልምምድ ይደረጋል። ከአብራሪው ሌላ ሰማዩን ብቻ የሚመለከት አንድ ሰው ይቆማል። የባትሪው መመለሻ ወሰን ለከፍታው ተስተካክሎ ይወሰናል። የበረራው መሥመር ከቤትና ከመንገድ በላይ እንዳያልፍ ይታቀዳል፤ ማለፍ ካለበትም የሚያልፍበት ሕዝብ ይነገረዋል።

የቀረው ነገር መዝገብ ነው። ስለ ባሊና፣ ስለ ዎልስኤንድና ስለ በተንቪል ዛሬ በዝርዝር መናገር የተቻለው የአደጋ መርማሪዎች ማንንም ለመቅጣት ሳይሆን ለማስተማር ብለው ጽፈው ስላወጡት ነው። አንድ ቀያሽ ዛፍ ላይ የወደቀበትን ድሮን በዝምታ አውርዶ ወደ ቢሮው ከተመለሰ፣ ባልደረባው በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ስሕተት በሰው ጣሪያ ላይ ይደግመዋል። የሙያ ማኅበር ወድቀው የተነሡትንም፣ ለጥቂት ከመውደቅ የተረፉትንም በረራዎች፣ የባለቤቱን ስም ሳይጠይቅ የሚመዘግብበት አንድ ደብተር ቢከፍት ወጪው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ግን አብራሪው ብቻ ሳይሆን፣ ከበታቹ በጓሮው ተቀምጦ ስለ በረራው የማያውቀው ሰው ጭምር ነው።